ከመልእክቱ ሥር

ለእድራችን የኢንተርኔት መድረክ ከቀረቡልን ሦስት ሶፍትዌሮች ይሄኛውን ያስመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የእድሩ ጸሐፊ። ከጣታችን ትርታ አንብቦ ከየመልእክታችን ሥር እውነተኛ ስሜታችንን ይጽፋል። ሰብሳቢያችን "ኧረ ሰው ያቀያይማል" ቢሉኝ፣ "ሐቀኛ ሰው ምን ያስፈራዋል?" ብዬ አፍ አስያዝኳቸው።

ማክሰኞ ጋሽ ዘርጋው አረፉ። የታክሲ ሰልፍ ላይ እንደቆምኩ ለባለቤታቸው ለእማማ የውብዳር፣ "እግዜር ያጽናዎት፤ ልቤ ተሰብሯል" ብዬ መድረኩ ላይ ጻፍኩ። ከሥሩ ወዲያው ወጣ፦ "አላዘነችም። ታክሲ ዘግይቶባት ተበሳጭታለች።" መቶ ሰማንያ አባል አነበበው። ከእኔ ወዲያ አንድም ሰው የማጽናኛ ቃል ለመጻፍ አልደፈረም።

በማግስቱ እዝን ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ ለቅሶ ቤት ገባሁ። እማማ የውብዳር ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"አልተቀየምኩሽም፣ ልጄ" አሉኝ እጄን ይዘው።

ዓይኔ ሳላዘው ወርዶ ከአገጫቸው ሥር ጽሑፍ ፈለገ።

አዩኝ። እጄን ለቀቁና ነጠላቸውን ቀስ ብለው እስከ አፍንጫቸው ሳቡት።