የገዛላ ልጆች

ገዛላ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ኋላ ተኮራምታ ታጉረመርምብኛለች። እጄን ስሰድ ጥርሷን ታሳየኛለች፤ ስመልሰው ደግሞ ያፈረች ይመስል ጅራቷን ወለሉ ላይ ቀስ አድርጋ ታንቀሳቅሳለች። ስፌቷን እንዳትልሰው ያለበሷት ሰማያዊ ሸሚዝ ሆዷ ላይ ረጥቧል።

ሱሉቂ የሚባለው የአደን ውሻ ዘር ናት፤ ቀጭን፣ እግረ ረጅም። ከአምስት ቀን በፊት ኾበር ከተማ ወስደው ማኅፀኗን አወጡላት። ከዚያ ወዲህ ለስላሳ ነገር ካየች አታልፍም። የወጥ ቤቱን ስፖንጅ፣ የልጆቹን የጨርቅ ጥንቸል፣ የአሠሪዬን የማዳምን አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ ሁሉንም ጥርሷን ሳታሳርፍባቸው በአፏ ይዛ እዚህ ጥግ አመጣቻቸው። ታቅፋቸዋለች፤ ትልሳቸዋለች። ዛሬ ጠዋት ሸሚዟ ረጥቦ ሳየው ስፌቱ የተፈታ መስሎኝ ደነገጥኩ። ወተት ነው።

«ሳትወልድ ከየት አመጣችው?» አልኳት ማዳምን።

«ሐኪሙን ጠየቅኩት፤ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አለችኝ ዐባያዋን እየለበሰች። «ከእንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና በኋላ አንዳንዷ የወለደች ይመስላታል አለኝ። ዕቃውን ውሰዱባት፣ ትረሳለች ብሏል። ልጆቹን ይዤ እስክመለስ ሁሉንም አንሺባት፣ ኸላስ። ያንቺንም መልስ እፈልጋለሁ፣ መሕቡባ። ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ሊያልቅ ነው። ወይ ሁለት ዓመት ትጨምሪያለሽ፣ ወይ የመውጫ ቪዛ፣ ኹሩጅ፣ አስመታልሽና አገርሽ ትገቢያለሽ።»

ውሰዱባት፣ ትረሳለች። ይህን ነገር ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ። ሬሀና የስምንት ወር ልጅ ሳለች እናቴ ከጡቴ ላይ አንስታ ወሰደቻትና፣ «ሂጂ በቃ፤ እሷም ትረሳለች፣ ያንቺም ይደርቃል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ደረቀ። ሳዑዲ፣ ደማም በገባሁ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ይኸው ማሽን ፊት ቆሜ ደረቱ የረጠበ ልብሴን ሳጥብ ደረቀ። አምስት ዓመት አለፈው።

ቤቱ ጭር ብሏል። በትንሿ መስኮት የገባው የከሰዓት ብርሃን ማሽኑ ላይ ተኝቷል፤ የአየር ማቀዝቀዣው ድምፅ ከሩቅ እንደሚወርድ ውኃ ይሰማኛል። በጉልበቴ ተንበርክኬ አንድ በአንድ እስባለሁ። ስፖንጁን። ጥንቸሏን። ነጠላ ጫማውን። በእያንዳንዱ ገዛላ ታለቅሳለች፤ እንደ ውሻ አይደለም፣ በአፍንጫዋ። ለካ እኔም ሳላስበው እሹሩሩ እያልኳት ነው።

አገጯ ሥር አንድ የቀረ አለ። ቢጫ ነው፣ ከጣቴ አይረዝምም።

የሬሀና ካልሲ ነው። የሻንጣዬ ዚፕ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ገዛላ ከዚያ ነው ያወጣችው። ይህን ካልሲ አምስት ዓመት ሙሉ ውኃ አስነክቼው አላውቅም። በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጬ፣ ዓርብ ዓርብ አውጥቼ አሸተዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል።

አሁን በውሻ ምራቅ ርሷል። ውሻ የላሰው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር፤ ያደግኩበት ሕግ ነው። ማዳም የአደን ውሻ ምንም አይደለም ትለኛለች፤ እኔ ግን ጓሮ ካለው ተምር ሥር ያመጣሁትን አፈር በቆርቆሮ አስቀምጬ፣ ሳህኗን በነካሁ ቁጥር እጄን እፈትግበታለሁ። ካልሲውም የግድ መታጠብ አለበት። ሰባት ውኃ ደግሞ የልጄን ሽታ አይተውልኝም።

እጄን እሰዳለሁ። ገዛላ አታጉረመርምም። አገጯን ቀና አድርጋ ትለቅልኛለች።

ከመታጠቡ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ላሽትተው ብዬ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋዋለሁ። ወተት ወተት ይላል። የገዛላ ወተት። ከሥሩ የልጄን እፈልጋለሁ፤ ገልብጬ እፈልጋለሁ፤ ፌስታል ፌስታል ይላል። ዛሬ የጠፋ አይደለም። ከጠፋ ስንት ዓርብ እንደሆነው አላህ ይወቅ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፤ ገዛላም አጠገቤ ሆና ታየኛለች።

ካልሲውን አገጯ ሥር እመልስላታለሁ። እጄን ሰባት ጊዜ እታጠባለሁ፣ አንዱን በአፈር። አድርቄ ስልኬን አነሳና በኢሞ ቪዲዮ እናቴ ዘንድ እደውላለሁ።

«መሕቡብዬ፣ ምነው በዚህ ሰዓት? ደህና ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ሬሀናን አቅርቢልኝ።»

ሬሀና ትመጣለች። እናቴን እማዬ ትላታለች፤ እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ። «መሕቡባ፣ ሰላም ነሽ?»

«ሰላም ነኝ። የእግርሽ ቁጥር ስንት ደረሰ?»

«እኔንጃ። የምትልኪልኝ ጫማ ሁሉ ግን ይጠበኛል።»

«ለምን አትነግሪኝም ታዲያ?»

«እማዬ ናት፣ ይከፋታል ያለችኝ።»

ከኋላ እናቴ በቀስታ ስትቆጣት ይሰማኛል። ሁሌ የምገዛው በሐሳቤ ካለችው ልጅ እግር ትንሽ ከፍ አድርጌ ነው። ያቺን ልጅ ደግሞ በሐሳቤ አላሳደግኳትም።

«እስቲ እግርሽን አሳዪኝ።»

እግሯን አንስታ ስልኩ ላይ ትደቅናለች። የስልኩ መስታወት ሙሉ በሙሉ እግር ይሆናል። የግቢያችን አፈር ተረከዟ ላይ አለ። አውራ ጣቷ ሥር የማላውቀው ጠባሳ አለ። መዳፌን መስታወቱ ላይ አሳርፋለሁ፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ምንም አይለካም።

«ለካሽኝ?» ትለኛለች።

የውጭው በር ይከፈታል። የልጆቹ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያም የማዳም ጫማ።

«ቆይ፣ እንዳታወርጂው» እላታለሁና ስልኩን እንደያዝኩ እወጣለሁ።

«አነሳሽባት?» ትላለች ማዳም።

«አንድ ቀርቷል፤ እሱን ተዉላት» እላታለሁ። «እኔ ኹሩጅ ነው የምፈልገው፣ ማዳም።»

ማዳም ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆማ ታየኛለች። እኔ ስልኩን አያለሁ። ሬሀና እግሯን አላወረደችም፤ ስለደከማት በሁለት እጇ ደግፋ ይዛዋለች።