የወንበሩ እግር ትንሽ ቀጠን ቢል

«የስ!» አሉ ዋናው አናጢ ለአራተኛ ጊዜ፣ ፊታቸው ጥርስ በጥርስ ሆኖ። ከባሕር ማዶ የመጣችው እንግዳ ግን «የስ» በተባለች ቁጥር ፊቷ እየጨለመ ሄደ።

ጥግ ላይ ቁጢጥ ብላ ወንበር የምታለሰልሰው ሴት እጇን ገታ አደረገች። የእንጨት ሥራ ቤቱ ሰው ሁሉ «ብርጭቆ» ነው የሚላት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከብርጭቆ ወረቀት ጋር ስለኖረች ነው እንጂ በቀላሉ የምትሰበር ሆና አይደለም። አሁን ጆሮዋን ቀስራለች። እንግዳዋ የምትለው ነገር እየገባት ነዋ!

እንግዳዋ አዲስ ለሚከፈት ቤተ መጻሕፍት ስልሳ ወንበር የሚሠራላት ትፈልጋለች። እንግሊዝኛ የሚችለው የአናጢው የወንድም ልጅ ደግሞ ቀን መርጦ ዛሬ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዷል። ይህ ሥራ ካመለጠ ከሰኞ ጀምሮ አምስቱም ሠራተኞች እቤታቸው እንደሚቀመጡ ትናንት ተነግሯቸዋል።

ብርጭቆ ከሥራ መልስ እንግሊዝኛ መማር ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው። በዚህ ሳምንት የተማሩት ሰውን ሳያስቀይሙ ጉድለት መናገርን ነበር። «መጥፎ ነው» አይባልም፤ ከዚህ ሊሻል ይችላል፣ ትንሽ ጠበቅ ማለት አለበት፣ እንዲህ ይባላል። አስተማሪዋ «ቤታችሁ ግቡና ያያችሁትን ሁሉ አሻሽሉ» ብላ ሰደደቻቸው። ብርጭቆም የቀራት የለም። በሩ ሰፋ ሊል ይችላል፣ አምፖሉ ደመቅ ማለት አለበት ስትል አመሸች። ባሏ አልጋው ላይ እንደተጋደመ «እኔስ?» ቢላት፣ «ዩ ኩድ ቢ ኳየተር» አለችው።

«ምን ማለት ነው?»

«ዝም ብትል ያምርብሃል ማለት ነው።»

ያን ቀን የተማረችው እንዲህ ፈጥኖ ለእንጀራዋ ይደርሳል ብላ አላሰበችም።

እንግዳዋ ወንበሩን በአንድ እጇ ለማንሳት ሞከረችና ከበዳት። «ኢት ሹድ ቢ ላይተር» አለች። ቀለል ማለት አለበት ማለቷ ነው።

«የስ!» አሉ አናጢው።

«ዘ ሌግስ ኩድ ቢ ቲነር።» እግሮቹም ቀጠን ሊሉ ይችላሉ።

«የስ፣ የስ!»

እሳቸው እንግዳ ማክበራቸው ነው። ቤታቸው የመጣን ሰው «አይ» ማለት ነውር ይመስላቸዋል። ሴትዮዋ ግን የምታየው የገዛ ወንበሩን ጉድለት አንድ በአንድ እያመነ የሚስቅ፣ ላስተካክለው የማይል ባለሙያ ነው። ደብተሯን ከደነች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ በሩ ዞረች።

ብርጭቆ ስትነሳ የጭኗ ላይ ብናኝ ቦነነ።

«ማዳም! ዊ ካን ሜክ ኢት ላይተር!»

ቀለል ልናደርገው እንችላለን ማለቷ ነው፤ ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። መጋዙ ቆመ። ኮላ የሚቀባው ሰውዬ ብሩሹን እንዳንጠለጠለ ቀረ። እሷ ግን አንዴ ገብታበታለችና አልተመለሰችም፤ ወንበሩ ዘንድ ደርሳ እግሩን ያዘችው። «ሂር» አለች፣ «ኢት ኩድ ቢ ቲነር። ሙች ቲነር!» እዚህ ጋ በጣም ሊቀጥን ይችላል ማለቷ ነው።

እንግዳዋ ተመለሰች። ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና ደብተሯን እየገለጠች፣ አሁን አናጢውን ሳይሆን እሷን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ምን ያህል እንደሚቀጥን ጠየቀቻት። ብርጭቆ ጮቤ ልትረግጥ ምንም አልቀራት። ደብተር ላይ ተኝቶ የነበረ ቃል ከአፏ ወጥቶ ሰው ከደጅ መለሰ!

«ምን አለች?» አሉ አናጢው። «አንቺስ ምንድን ነው ያልሻት?»

ደስታዋ ወዲያው ቀዘቀዘ። የዚያን ወፍራም እግር ንድፍ ያወጡት እሳቸው ናቸው። «ዝሆን ቢቀመጥበት ንቅንቅ አይልም» እያሉ የሚኮሩበት ነው። እሷ ደግሞ በፈተገችው ቁጥር ይህ እግር በዛ፣ ይህ እግር በዛ እያለች፣ አንድም ቀን ትንፍሽ ሳትል ኖራለች። በሰው አገር ቋንቋስ መናገሩ ቀልሏት ነበር።

«ጋሼ» አለች። «እግሩ ትንሽ ቀጠን ቢል ሳይሻል አይቀርም ነው የምትለው።»

«እሷ ናት ያለችው?»

«እሷ ናት።» ዝም ልትል ትችል ነበር። «እኔም ብያለሁ። ድሮም እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።»

«ድሮ ማለት ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተቀጠርኩ።»

«አሥራ አንድ ዓመት?» አሉ አናጢው። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሆድሽ ውስጥ ይዘሽው?»

«አልጠየቁኝማ፣ ጋሼ።»

ከመጋዙ በኩል አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አናጢው ጎንበስ ብለው እግሩን በመዳፋቸው ጨበጡት፤ ጣቶቻቸው ዙሪያውን አልገናኝ አሉ። ለቀቁት፤ መልሰው ጨበጡት። ከዚያ ከጆሯቸው ላይ እርሳሱን አውርደው ዘረጉላት።

«በይ አሳዪን» አሉ። «የቱ ጋ ነው?»

ብርጭቆ ተንበረከከች። ሜትር አላነሳችም። አናጢውና እንግዳዋ ከላይዋ ጎንበስ ብለው እያዩዋት፣ አውራ ጣቷ ለዓመታት የሚያውቀውን ቦታ ይዛ፣ ከላይ እስከ ታች እግሩ የሚቀጥንበትን አንድ ቀጭን መስመር በእርሳሱ ሳታቋርጥ አወረደች።