ተሸንፎ የማያውቀው ቢሮ

በሩ ላይ በወርቃማ ፊደል «በፈጠራ መብት ክርክር ተሸንፈን አናውቅም» ይላል። እውነት ነው። ወንድምና እህት የከፈቱት ይህ የጥብቅና ቢሮ ፈጠራዬ ተሰረቀብኝ ያለውን ሁሉ ወክሎ ተከራክሯል፤ በሁሉም ረትቷል። በመስታወት ቁም ሣጥኑ ውስጥ የእንቁላል መላጫው፣ የድመት ማበጠሪያውና ዝናብ ሲጀምር ራሱን የሚያጥፈው ጃንጥላ ተደርድረዋል። የጃንጥላው ጥቅም እስከ ዛሬ ለማንም አልገባም። ክርክሩን ግን አሸንፏል።

ወንድምየውን ሰው ሁሉ «አይበገሬው» ይለዋል፤ እሱም ቅጽል ስሙን ይወደዋል። በዚህ ዓለም የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የበሩ ጽሑፍ የሚፋቅበትን ቀን። ታላቅ እህቱ ደግሞ የምትፈራው የእሱን ምላስ ነው።

«አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ትለዋለች ጠዋት ጠዋት። እሱ መመለጥ ስለጀመረ የሚቀየመው በሁለተኛው ነው።

አንድ ቀን አንዲት ዘናጭ ሴትዮ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ካርቶን ታቅፋ፣ እያቃሰተች ገባች። ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረገችው።

«ፈጠራዬ ነው» አለች። «ግን አላሳያችሁም። ዘንድሮ ማን ይታመናል?»

አይበገሬው ዓይኑን ከካርቶኑ መንቀል አቃተው። ሴትዮዋ እጇን ልትታጠብ ወጣ ስትል፣ ጣቶቹ የብርድ ልብሱን ጫፍ ይዘው ተገኙ።

«እጅህን ሰብስብ!» አለች እህቱ።

«ብርድ ልብሱን ወድጄው ነው።»

«አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን ታዋርደናለህ!»

ሴትዮዋ ተመልሳ የተገለጠውን ጫፍ አየች። መልሳ ሸፈነችው። እህትየው በሐፍረት አቀረቀረች።

«እኔ የእኔን ምስጢር አምኜ ከምነግራችሁ በፊት እናንተ የእናንተን ንገሩኝ» አለች ሴትዮዋ። «የምታሸንፉት በምንድን ነው? በጉቦ ከሆነ ልሂድ።»

የአይበገሬው ደም ፈላ። እህቱ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። አልተሰማውም።

«በአንዲት ጥያቄ ነው እንጂ!» አለ። «ዳኛው ፊት ‹ይህ ነገር ስንት ጊዜ ከሸፈብህ?› ብለን ፈጠራው የእኔ ነው ባዩን እናፋጥጠዋለን። የደከመበት ሰው ከሆነ እንባው ይቀድመዋል። ‹መጀመሪያ ጣቴን ቆረጠኝ፣ ቀጥሎ መጋረጃዬን አቃጠለው› እያለ ይዘረግፈዋል። ሌባ ግን የሚሰርቀው ያለቀለትን ነው። ሲጠየቅ ‹አንድም ጊዜ!› ይላል። በቃ፣ ጉድ ፈላ!»

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደስ ብሎት ደገመላት።

«አምኛችኋለሁ። ነገ መጥቼ ውል እፈርማለሁ» አለችና ካርቶኑን በአንድ እጇ አንጠልጥላ ወጣች።

በነጋታው አልመጣችም። «ብርድ ልብሱን ነካክተህ አባረርካት፤ ሌባ መስለህ ታየሃት» እያለች እህቱ ሰነበተች። አይበገሬውም አንገቱን ደፍቶ ከረመ።

ከከረመ በኋላ የመጣው የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። ሴትዮዋ «በጥያቄ ሌባን የማጋለጥ ዘዴ» ብላ በስሟ አስመዝግባለች። ቢሮው ፈጠራዬን ሰርቆ ሲከብርበት ኖሯል፣ ይዘጋልኝ ትላለች።

«የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ!» እያለ አይበገሬው ችሎቱን አናወጠው። ዳኛው በመዶሻቸው ጸጥ አሰኙት። ያቺን ጥያቄ አሳምረው ያውቋታል፤ ስንቱን ሌባ የለዩት በእሷው ነው። ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«ዘዴው ስንት ጊዜ ከሸፈብዎት?»

ሴትዮዋ መሐረቧን አወጣች። «የቱን ነግሬዎት የቱን ልተው ጌታዬ! መጀመሪያ የጠየቅኩት ሰው ሳቀብኝ። የሚቀጥለው መልሶ እኔኑ ጠየቀኝ። አንዴማ ሌባው ቆሞ እኔው ታሰርኩ!»

ችሎቱ አዘነላት። ዳኛውም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«በእናንተስ?» አሉ ወደ አይበገሬው ዞረው። «ስንት ጊዜ ከሸፈባችሁ?»

ስለ ቢሮው በተጠየቀ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ ዓመታት ሙሉ በኩራት ሲለው ኖሯል። እህቱ አፉን ልታፍነው ተወረወረች። አይበገሬው ግን ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ቀደማት፦

«አንድም ጊዜ!»