ዘጠኝ የወይራ ግንድ

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከሰኔ ገብቶ እስከ ጥቅምት አልወጣ አለ። ጉና ላይ ገብሱ ሳይታጨድ በማሳው በሰበሰ፤ ድንቹ ከአፈር ውስጥ ቀለጠ፤ በግ አለቀ። ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ እህል ተራው አጠገብ መሬቱ ሁለት ክንድ ሰመጠ። ከሥሩ በድንጋይ ዋሻ ውስጥ ተቀብሮ የሚሄድ ወንዝ አለ። ዋሻው ከተገነባ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ከገነቡት ሰዎች በሕይወት የቀረው ዘውዱ ብቻ ነበር።

ዘውዱ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ የዋሻውን ግድግዳ በከዘራው ያንኳኳ ነበር። ከፊቱ መሐንዲሷ መሠረት ትለካለች። ከኋላው ተስፋነህ፣ ከአርባ ምንጭ የመጣው የአፈርና የድንጋይ አጥኚ፣ ኖራውን እየፋቀ በትንንሽ ከረጢት ይከታል። የዘውዱ ሥራ ማዳመጥ ነው። ደኅና ድንጋይ ሲመቱት ጠንከር ብሎ ይመልሳል፤ የላላው እንደ ባዶ ቅል ያስተጋባል።

ተስፋነህ አንሸራትቶት የሽማግሌውን ትከሻ ያዘ።

«መሬት የተማረን ሰው መሬት ሲጥለው ገና ዛሬ ማየቴ ነው» አለው ዘውዱ።

ግንበኛ ሁሉ በሠራው ላይ ምልክቱን ይቀርጽ ነበር። ዘውዱ ምልክቱን እያየ የማን እጅ እንደሆነ ይነግራቸዋል። የእኔው ንቅንቅ አይልም ሲል ጠዋት በሰው ፊት ፎክሯል። ያን ጊዜ ዓለሚቱ እዚያው ነበረች። ቤቷ ከዋሻው አፍ ላይ ነው፤ ግድግዳው ስለተሰነጠቀ ልቀቂ ይሏት እንደሆነ ለመስማት ቆማለች። ዘውዱን ስታይ ፊቷን አዞረች። የማሩ ሚስት ናት።

ማሩና ዘውዱ አንድ ድንጋይ በሁለት ጫፍ ያነሱ ጓደኛሞች ነበሩ። ሥራው አልቆ ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ዋሻውን ሲሞላው፣ ከቤተ ክርስቲያን ለሥራው መወጣጫ በውሰት ከመጡት የወይራ ግንዶች ዘጠኙ ጠፉ። ለመቅደሱ ጣሪያ የተቆረጡ ነበሩ። ቄሱ ያየ ሰው እንዲናገር ገዘቱ። ዘውዱ ግዝቱን ፈራ። ማሩን አመሻሽ ላይ ከዋሻው አፍ ግንድ ተሸክሞ አይቶት ነበርና ያየውን ተናገረ። ማሩ እንጨቱን ወስጃለሁ፣ ለቤቴ ግን አይደለም አለ፤ ሌላ አልጨመረም። የታቦት እንጨት ሌባ ተባለ። ከሚስቱ ጋር እብናት ቆላ ወረደ፤ እዚያው ወባ ገደለው። ዓለሚቱ ወደ ቤቷ ብትመለስም ደጇ ላይ አረፍ የሚል ሰው አላገኘችም።

የዘውዱ ከዘራ ባዶ ቅል መታ።

መሠረት መብራቷን አነሳች። በጣሪያው ቅስት ሥር ጥቋቁር ምሰሶዎች ቆመዋል፤ በራሳቸው ላይ አግዳሚ ተጋድሟል። ዘውዱ ቆጠረ። ስድስቱ ቆመዋል፣ ሦስቱ ተጋድመዋል። በእያንዳንዱ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ የቤተ ክርስቲያኑ መስቀል አለ። ከዚያ ክረምት ወዲህ ወደዚህ የዘለቀ ሰው የለም፤ ጎርፍ ብቻ ነው የሚያውቀው።

መሠረት እንጨቱን ዳሰሰች። በስዕሉ ላይ የለም አለች።

«አባባ ዘውዱ፣ ይኸ እንጨት ባይኖር ቅስቱ በመጀመሪያው ክረምት ይወርድ ነበር። ቅስቱ ላይ ያለው ምልክት የማን ነው?»

ሦስት ጭረት፤ የራሱ ምልክት። ዘውዱ ጭረቶቹን በከዘራው ጫፍ ነካ። ተስፋነህ ከቅስቱ ያወጣውን ኖራ በጣቱ ሲጨምቀው ጭቃ ሆነ።

ዘውዱ ያን ሳምንት አስታወሰ። ሚስቱ በበኩር ልጇ ምጥ ላይ ነበረች፤ ዝናብ ደርሷል፤ ኖራው አልበቃ ብሎት በአፈር አበዛው። ለማንም አልተናገረም። ማሩ ግን ጆሮ ነበረው፤ አንኳኩቶ ሰምቶ ይሆናል። እንጨቱን የት እንዳደረሰው ቢናገር ኖሮ፣ የዘውዱ እንጀራ በዚያው ዓመት ባበቃ ነበር። ዘውዱም ግንዱን ማየቱን ተናገረ እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀም።

መሠረት ደግማ ጠየቀች። ያው እጅ የሠራው ሌላ ቅስት ካለ ከላዩ ያለው ሕዝብ መነሳት አለበት። ዘውዱ አላውቀውም ቢል የሚያጋልጠው አልነበረም፤ ምስክሩ ሁሉ አፈር ገብቷል።

«የኔ ነው» አለ። «ሌላም አለ። እህል ተራው ሥር ያለውን በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ኖራ ነው የዘጋሁት። ሰዉን ዛሬውኑ አንሱት።»

መሠረት ውሃውን እየረጨች ወደ ውጭ ሮጠች። ዘውዱ ጎንበስ ብሎ ከቅስቱ የወደቀ ድንጋይ አወጣና አንገቱ ላይ አደረገው። ተስፋነህ ለምርመራ መስሎት በከረጢት የያዝነው ይበቃናል አለው። ግድ ከሆነም ልሸከምልዎ አለ።

«ይኸንስ ሌላ ሰው አይሸከምልኝም።»

ከዋሻው ሲወጣ ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ድንጋይ አንገቱ ላይ ያደረገ ሰው ለምን እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። ዘውዱ ዓለሚቱ ፊት ደርሶ አጎነበሰ።

«ማሩን ያየሁት እንጨቱን ሲያወጣ አልነበረም፤ ሲያስገባ ነው። የኔን ብልሹ ሥራ ደግፎልኝ ነው የሄደው። ይቅር በይኝ።»

ዓለሚቱ ወደ ዋሻው አፍ ተመለከተች።

«እንጨቱ ላይ መስቀሉ አለበት?» አለች።

«አለበት። ዘጠኙም ላይ።»

ድንጋዩን በሁለት እጇ ከአንገቱ አነሳች። ከብዷት ተንገዳገደች፤ የተበደለ ራሱ ነው የሚያወርደውና ማንም አላገዛትም። ተሸክማ ወስዳ ደጇ ላይ አስቀመጠችው። በነጠላዋ ጫፍ ውሃውን ጠረገች።

«ተቀመጥ» አለችው።

ዘውዱ ተቀመጠ። ከበላይ፣ ከእህል ተራው፣ ጆንያ ሲነሳ ይሰማ ነበር።