የግራ እጅ ሦስት ጣቶች

የቤት በር የሰውን ቆዳ መርምሮ በሚከፈትበትና በሚዘጋበት ዘመን፣ የደሴዋ ወይዘሮ ትርንጎ በልጃቸው ሠርግ ዋዜማ በር ተዘጋባቸው። የበሩ ዐይን በጣቶቻቸው ላይ የወጣውን ሽፍታ አይቶ «ተላላፊ ጭርት፤ አርባ ቀን» ሲል ፈረደ። ሌላው ሰው ሁሉ ከቤት ወጣ፤ ምግባቸው በበሩ ሥር ባለች ቀዳዳ ይገባላቸው ጀመር። ሙሽራዋ ማኅደርም በእናቷ ጉልበት ፈንታ የመስኮቱን መስታወት እንድትስም ተነገራት።

ፍርዱን መሻር የሚችለው የቆዳ ሐኪም ብቻ ነበር። ማኅደር ስታፈላልግ ውላ፣ በከተማው የቀሩትን ብቸኛ ሐኪም፣ አዛውንቱን ዶክተር ፈቃደን፣ ጎመን ሲያጠጡ አግኝታ አመጣቻቸው። ለሐኪም በሩ አይከለከልምና ገብተው የትርንጎን እጅ በባዶ እጃቸው ያዙ።

«ኧረ ይጋባብዎታል!»

«በዚህ ዕድሜዬ ምን ቀረኝ ብለው ነው? ይልቅ ሽፍታው በግራ እጅዎ ሦስት ጣቶች ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ሰሞኑን ምን ሲሠሩ ነበር?»

«የሠርግ ቤት ምን ይሠራል? ነጭ ሽንኩርት ስልጥ ነዋ የሰነበትኩት!»

«እስቲ አያያዝዎን ያሳዩኝ።»

ትርንጎ በቀኛቸው ቢላ እንደ ያዘ ሰው ሆነው፣ በግራቸው ሦስት ጣቶች አየሩን ቆነጠጡ። ሐኪሙ ሳቁ።

«ያቃጠለዎት ሽንኩርቱ ነው፤ አይተላለፍም። ይህ በር ሽንኩርት ልጦ አያውቅ!»

ወደ በሩ ዞረው ፍርዳቸውን ተናገሩ። በሩ ተከፈተ።

በማግስቱ ማኅደር ተንበርክካ የእናቷን ጉልበት ሳመች። ትርንጎ አገጯን ይዘው ቀና ሲያደርጓት፣ በእልልታው መሐል «እማዬ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ትሸቻለሽ እኮ!» አለቻቸው።

«እንኳን ሸተተሽ ልጄ» አሉ ትርንጎ፤ በመስታወት ሽታ አያልፍም ነበርና።