ሐርላ ላይ ጣል ያደረግሁት ነጠላ

ሰው እንዴት እሑዱን ድንጋይ ሲያይ ይውላል? ባለቤቴ ኃይለጊዮርጊስ ግን ፈረንጅ አለቃው አፉን ከፍቶ ስላደነቀለት ብቻ መኪና ተውሶ ከድሬዳዋ ሐርላ ድረስ ወሰደን። ክብ ሠርተው የቆሙ፣ ከሰው ወገብ የማይበልጡ ድንጋዮች ናቸው፤ በቃ። ለዚህ ነው ያን ሁሉ አቧራ የቃምነው። እኔ እባቡንም ፀሐዩንም ወባውንም እየፈራሁ ዓይኔን ከአራት ዓመቷ ልጄ ከአስካለ ላይ አልነቀልኩም።

ሲሞቀኝ ነጠላዬን አውልቄ ከሁሉም በሚያንሰው ድንጋይ ላይ ጣል አደረግሁት። ፍየል የምትጠብቅ ሃሊሞ የምትባል የሰፈሩ ሴት እየሮጠች መጣች።

«ተይ አቦ እህቴ! እኛ እነሱን ጨርቅ አናለብስም። ካለበስሽው እናቴ ነሽ ይልሻል።»

«እኔ ጃንሆይ ባሠሩት ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል የደረስኩ ሴት ነኝ» አልኳት። «ይልቅ ፍየሎችሽን አልብሺ።»

ባለቤቴ ሳቀ። ሃሊሞ አልሳቀችም።

ስንመለስ ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ አስካለ በነጠላዬ ተሸፋፍና ጭኔ ላይ ተኝታለች። ከብዳኛለች። በነጠላው ላይ ብዳስሳት በረዶ ሆናለች። ወባ! የፈራሁት ደረሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለድንጋይህ ብለህ ልጄን ፈጀሃት! ወደ ሐኪም ቤት ንዳ!»

ድሬዳዋ ገብተን ቀፊራ ገበያ አጠገብ መኪናውን አቁሞ ዞሮ አየኝ።

«የቷን ልጅ?» አለ።

አስካለ ከጎኑ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች።

እጄን ከነጠላው ላይ ማንሳት አቃተኝ።

«እማዬ» አለኝ ከሥሩ፣ «ደረስን?»