የዋና ፈታኙ

በሐይቁ ዳር ባለው የጀልባ ክለብ ደንብ፣ ክረምቱ ወጥቶ የጀልባዎቹ ሸራዎች ከመጋዘን ሲወጡ የዋና ፈተና ያላለፈ ሰው ጀልባ ላይ አይወጣም። ፈታኙ ከሰባት ዓመት ወዲህ አንድ አንጋፋ አባል ነው፤ ፊሽካ ነፍቶ፣ "አልፈሃል" ብሎ ይፈርማል። ራሱ ግን ከጉልበቱ በላይ ውሃ ገብቶ አያውቅም። ስለዚህም ይሆናል የማይጨክነው፤ ዳር ዳሩን የተንቦጫረቀ ሁሉ ያልፋል።

ዘንድሮ የጣለው አዲሷን አባል ወይዘሮ ይርገዱን ብቻ ነው። ጠዋት ሲፈትናት፣ "እስቲ መጀመሪያ እርስዎ ዋኝተው ያሳዩን" አለችው። "ሥነ ሥርዓት ይጎድላታል" ብሎ ጻፈና ጣላት።

ከሰዓት ውድድሩን ሊያስጀምር፣ ከዳር ብዙም ባልራቀች ጀልባ ላይ ባንዲራ ይዞ ቆመ። ባርኔጣውን አዘንብሎ ለፎቶ ጎኑን ሲያዞር ነፋሱ ድንገት ተነሣ፤ ሸራው የተወጠረበት አግዳሚ እንጨት ዞሮ ወገቡን መታና ሐይቁ ውስጥ ጨመረው።

"ድረሱልኝ! ዋና አልችልም!" ሰባት ዓመት የደበቀውን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው።

ዳር ላይ እሱ የፈረመላቸው አሥራ አራት ዋናተኞች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ጫማውን መፍታት ጀመረና መልሶ አሰረው።

ሊሰምጥ ሲል አንድ ክንድ አገጩን ከውሃው በላይ ደግፎ ያዘው።

"ጋሼ፣ አይንፈራገጡ" አለችው ይርገዱ፣ ትንፋሿ እንኳ ሳይቆራረጥ። "ለመሆኑ ይቺ ለፈተናው ትያዝልኛለች?"